የአክስቴ የደም ምርመራ ኖርማል ወጣ፣ እብጠቱ ግን እንዳለ ነው። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ ይቅር?

የአዘዞዋ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነገሩ የአክስቴ ነው፤ ዕድሜዋ 46፣ ኑሮዋ ቆላ ድባ። ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ በእጅ ሲነካ የሚገኝ ጠንካራ እብጠት አለ። አያማትም። ስላላመማት ነው ዝም ብላ የከረመችው። ፆሙ ሲፈታ ጎንደር አመጣናትና አንድ የግል ክሊኒክ አሳየናት። አልትራሳውንድ ሳያነሷት ደም ቀዱና «የካንሰር ምርመራ ነው፣ አዲስ አበባ ተልኮ ይመጣል» አሉን። ክፍያው የወር አስቤዛችንን ጠራርጎ ሄደ። ውጤቱ መጣ፦ ሲኤ 15-3 ይላል፣ 14፤ ጎኑ ላይ «ከ30 በታች ኖርማል» ተብሎ ተጽፏል።

አክስቴ ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ላይ ቋጥራዋለች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ትፈታዋለች። «ደሜ ንጹህ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም መርፌ አይሰካብኝ» ብላ ወደ ቤቷ ልትመለስ ነው። ጎረቤቶቿ ደግሞ በስልክ «ጡት ብረት ከነካው ይሰራጫል» እያሉ ልቧን ያሸፍቱታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ አልቀበል አለ። የሚያውቅ ይንገረኝ፤ 14 ከሆነ በቃ ማለት ነው?

ላብ_ማራኪ
እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ናሙና በእጄ ያልፋል፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። 14 ማለት «ካንሰር የለባትም» ማለት አይደለም።

የሚለካው ሙክ-1 ከሚባል ፕሮቲን የተቆረሰ ነገር ነው። ፕሮቲኑ በጤነኛ የጡት ሕዋሶች ላይም አለ፣ በሁላችንም ደም ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ካንሰር ሲገፋ ሕዋሶቹ በብዛት ወደ ደም ይለቁታል። ያልሞላ እንስራ ግን አይፈስም። በመጀመሪያው ደረጃ ካሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ቁጥሩ ከፍ የሚልባቸው ከ10 አንዷ ገደማ ናቸው፤ በሁለተኛው ደረጃ ከ5 አንዷ። ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ እንኳ ከ4 ታማሚዎች አንዷ ገደማ ኖርማል ሊወጣላት ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። ጉበቱ የታመመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ካንሰር ያልሆነ የጡት ችግር ያለባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያለበት፣ እነዚህ ሁሉ ካንሰር ሳይኖርባቸው ቁጥሩ ሊጨምርባቸው ይችላል። ጉበትን የሚያሳምመው ሄፓታይተስ ቢ በእኛ አገር ስንቱ ቤት እንዳለ አስቡት። ስንቱ በከንቱ ሲሸበር ይከርማል።

ባጭሩ፦ እብጠቱ ያልተመረመረ እብጠት ነው። መርፌው አይቅር።

አርበኛው_ዘፒያሳ
ታዲያ የማይረባ ከሆነ ለምን ይሸጡታል? ስኳሩ፣ ኩላሊቱ፣ ታይፎይዱ በደም አይደል እንዴ የሚታወቀው? ደም ሁሉን ይናገራል። ደሟ ንጹህ ነው የተባለችን ሴት ለምን ታስጨንቋታላችሁ? ሐኪም መቼም ካልወጋና ካልቀደደ ሥራ የሠራ አይመስለውም።

ላብ_ማራኪ
ወንድሜ አርበኛው፣ ታይፎይዱንማ ተወው፣ እሱ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል። ስኳር ደም ውስጥ ስለሚኖር ደም ይናገረዋል። እብጠቱ ያለው ጡት ውስጥ ነው፤ ስለ እሱ መጠየቅ ያለበት ራሱ እብጠቱ ነው።

ለምን ይሸጡታል ላልከው፣ ምርመራው የራሱ ቦታ አለው። ካንሰሩ ቀድሞ የታወቀና የተሰራጨ ከሆነ፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለማየት ከምስልና ከሐኪም ምርመራ ጋር አብሮ ይታያል። እዚያም ቢሆን የሚታየው አካሄዱ ነው፦ 180 የነበረው 120፣ ከዚያ 70 ሲል ሐኪሙ ልቡ ይረጋል። ያውም በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ሲሠራ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ አዲስ አበባ ካሠራችው፣ የተለወጠው በሽታው ይሁን ማሽኑ በምን ይለያል? ሌላም ወጥመድ አለው፤ አዲስ ሕክምና በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት መድኃኒቱ እየሠራም ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል። ያኔ የቸኮለ ሰው የሚሠራውን መድኃኒት ያስቆማል።

የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ይህን ምርመራ ካንሰር ለመፈለግም፣ ለመለየትም፣ ከሕክምና በኋላ ለመከታተልም አልመከረም። ይኸው ስንት ዓመቱ። እኛ ጋ ግን «የካንሰር ምርመራ» የሚል ስም ተሰጥቶት ከቼክአፕ ጋር ይሸጣል። እብጠት ይዛ የመጣችን ሴት ጡቷን በምስል ሳያዩ በዚህ ብቻ አሰናብቶ መላክ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ነውር ነው።

ሚኒሶታ_ጎንደሬ
ከሩቅ ሆኜ ልግባበት። እዚህ ጋለሪ የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ አንዴ በተቀዳ ደም ከ50 በላይ የካንሰር ዓይነት ይፈልጋል ይባላል። 949 ዶላር ነው። የሚመጣ ሰው ካለ ደሟን ይዞልን ቢመጣ ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ለእናቴ የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን በምልክበት ጊዜ ለአክስትሽም ጨምሬ እልካለሁ። አይዟችሁ።

ሬዚደንት_ነኝ
ሚኒሶታ፣ ልብህ ይባረክ። ደሙን በሻንጣ ማመላለሱን ግን እንተወው።

ጋለሪ የሚፈልገው ከዕጢ ወደ ደም የሚፈሱ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ እየሞከሩት የቆዩትም ለዚህ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ የጡት ካንሰር አብዛኛው ያመልጠዋል። አምራቹ ራሱ ከማሞግራም (ከጡት ራጅ) ጋር እንጂ በማሞግራም ፋንታ አይደለም ይላል። ከሁሉም በላይ የተሠራው ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። አክስትየዋ እኮ ምልክቱን በእጇ ይዛዋለች!

በደም ውስጥ ዕጢ ማንበብ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤላሴስትራንት የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ሲፈቅድ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚለይ የደም ምርመራም አብሮ ፈቅዷል፤ ኢኤስአር-1 በሚባል ጂን ላይ ለውጥ መኖሩን ከደም ያያል። ይህም ካንሰራቸው ለታወቀና ለተሰራጨባቸው ሴቶች ነው። እብጠት ላለባት ሴት ግን መንገዱ ድሮ የታወቀው ነው፤ ሐኪም በእጁ ይዳስሳል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም ይታያል፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሦስቱም ተስማምተው «ደህና ነው» ካሉ ልብ ይጣላል። አንዱ ካፈነገጠ ምርመራው ይቀጥላል።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን በተረኛነት በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። አንዲት እናት እብጠቱን ሁለት ዓመት ሸፍና ትይዛለች፤ ቆዳው ሲቆስል ትመጣለች፤ ያኔ በሽታው ጉበትና አጥንት ገብቷል። ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ታርፋለች። ሰፈሩ ያየው ቢላውን ነው፤ ከቢላው በፊት የነበረውን ሁለት ዓመት ያየ የለም። መርፌ ካንሰሩን አሰራጭቶ የሴቶችን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ላብ_ማራኪ
ሚኒሶታ ቫይታሚኑን ካነሳ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን የሚባለው ባዮቲን ነው፣ መጠኑም ከፍተኛ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ምርመራው ራሱ በባዮቲን ስለሚሠራ ውጤቱን ያዛባል፤ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርገው ወይም እንደ ምርመራው ዓይነት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። የታይሮይድም የልብም ምርመራ ላይ ይደርሳል። ከውጭ የተላከ ኪኒን የሚውጥ ሰው ደም ሲሰጥ ይናገር፤ እኛ ጋ ማንም አይናገርም፣ እውነቱን ለመናገር ማንም አይጠይቅም።

እትዬ_ቁስቋም
አንች ልጅ፣ ሳይንሱን ልጆቹ ነግረውሻል፣ እኔ ስለ መርፌዋ ልንገርሽ። እኔም ጡቴን ታምሜ ነበር፤ ይኸው አለሁ፣ ለቡና ተረኛ ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ፓቶሎጂ ክፍል ነው የወሰዱኝ። አልጋ ላይ አጋደሙኝ፣ በአልኮል ጠረጉኝ፣ ደም ከሚቀዳበት የማይወፍር መርፌ አስገቡና ወዲያ ወዲህ አደረጉት። ጥርሴን ነክሼ አንዱን አቡነ ዘበሰማያት ሳልጨርስ አለቀ። የወጣውን ጠብታ መስታወት ላይ ቀቡት፣ ሐኪሟ በአየር እያራገበች አደረቀችው። ከዚያ ጥጥ አስይዘው ፕላስተር ለጠፉብኝ። በባጃጅ ቤቴ ገባሁ፣ ማታ ሽሮ ሠራሁ። ካመመኝ ፕላስተሩ ሲላቀቅ ነው ያመመኝ።

ለአክስትሽ «መርፌ» ብላችሁ አታስፈራሯት፤ ደም ከቀዱሽ ጊዜ አይበልጥም በሏት። እሷ ደሟን ሰጥታ የለ? ሰው ቢያስፈልጋት አብሬያት እገባለሁ።

የደባርቅ_መምህር
ይቅርታ፣ ክሩን እንዳልጠልፈው እንጂ እኔም ጥያቄ አለኝ። ባለቤቴ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ጨርሳ አሁን ታሞክሲፈን (ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጥ ኪኒን) ላይ ነች። ለክትትል ስንሄድ በእጃቸው ይዳስሷታል፣ ይጠይቋታል፣ በዓመት አንዴ ማሞግራም ያዛሉ፣ በቃ። ደም ላይ ያለውን የካንሰር ምልክት በየ3 ወሩ ለምን አያዩላትም? አጎቷ በግል ያሠሩላት ብሎ ገንዘብ ይልካል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ደግሞ ሁለታችንም እንቅልፍ አናገኝም። አንዴ 22፣ አንዴ 27 ይላል። 27 ያለ ቀን እህል አልቀመሰችም። ተመልሶ ሊመጣ ከሆነ ቀድሞ ማወቁ አይሻልም?

ሬዚደንት_ነኝ
መምህር፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህንኑ ጣሊያኖች በጥናት ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ጥናት 1,320 የታከሙ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ በየጊዜው የአጥንት ስካን፣ የጉበት አልትራሳውንድ፣ የደረት ራጅና የደም ምርመራ ተደረገላቸው፤ ሌሎቹ እንደ ባለቤትህ ሐኪም እየዳሰሳቸውና በዓመት ማሞግራም እየተነሱ ተከታተሉ። በሕይወት በመቆየት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የጣሊያን ጥናትም እዚያው ደረሰ። ሩቅ አካል ላይ የተመለሰን ካንሰር ምልክት ከማሳየቱ ወራት ቀድሞ ማወቅ ብቻውን ዕድሜ አላስረዘመም።

መድኃኒቱ ያኔና አሁን አንድ አይደለም፤ ጥያቄው በአዲሶቹ የዲኤንኤ ምርመራዎች እንደገና እየተጠና ነው። ነገር ግን 22 እና 27 ሁለቱም ከ30ው መስመር በታች ናቸው፣ እንዲህ ያለ መወዛወዝ በማንም ላይ ይታያል። በእኔ በኩል ያንን ገንዘብ ለማሞግራሙ ጉዞና ታሞክሲፈኑ ሳይቋረጥ ለመግዛት ብታውሉት እመርጣለሁ። ታሞክሲፈን በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ 5 ዓመት፤ መመለሱን የሚቀንሰው እሱ ነው። ኪኒኑን እያቆራረጡ የደም ቁጥር የሚያሳድዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

የደባርቅ_መምህር
አጎቷን ማሳመኑ ነው ጭንቁ። ይህን መልስ አሳየዋለሁ። ተባረክ።

ሲስተር_ቀበሌ18
ሁላችሁም ስለ ውዱ ደም ስታወሩ ርካሹን ረሳችሁት! ኬሞ ላይ ላለ ሰው ነፍስ የሚያድነው ሲቢሲ የሚባለው ተራው የደም ቆጠራ ነው። ኬሞው ነጭ የደም ሴልን ያወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ኒውትሮፊሉ (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ ሴል) ከ1,500 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ዙር ይተላለፋል። በዚያ ወቅት የሰውነት ሙቀት 38 ከደረሰ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ ተልባ እየጠጡ ማደር የለም። ቴርሞሜትር ግዙ፣ ውድ አይደለም።

ከዳባትና ከሳንጃ በሌሊት ተነስተው መጥተው ቆጠራው ዝቅ ብሎ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» የሚባሉ ሰዎችን ሳይ አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ቆጠራው የሚሠራ ከሆነ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አሠርታችሁ ውጤቱን ለክፍሉ በስልክ ማሳወቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የመጓጓዣ ገንዘብ ይተርፋል።

ዘሥላሴ_ሰፈር
ፀበሉንስ ማንም አያነሳውም? እናቴ ፀበሉንም ይዛ መርፌውንም ተመርምራ ነው የዳነችው። ካህኑ ራሳቸው «መድኃኒት የሰጠም እግዚአብሔር ነው» ብለው ወደ ሐኪም የላኳት። አክስትሽ ቆላ ድባ ከመመለሷ በፊት የነፍስ አባቷን አነጋግሩ፤ የጎረቤትን አፍ የሚዘጋው እሳቸው ናቸው።

የአዘዞዋ_ልጅ
እናንተ ሰዎች! እንደምን ላመስግናችሁ። በእትዬ ቁስቋም ምክር ሄድንበት፤ «ደም ከቀዱሽ አይበልጥም» ስንላት እሽ አለች። የነፍስ አባቷም በስልክ ተቆጧት።

መርፌው ተወሰደ፣ ውጤቱ ካንሰር ነው። እብጠቱ ገና ትንሽ ነው፣ በአልትራሳውንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ተብሏል። 14ም ብሎ ካንሰሩ ነበረ ማለት ነው። ክሊኒኩ ሄጄ ላፈጥባቸው ነበር፣ እናቴ «ጉልበትሽን ለመታከሚያው አቆይው» ብላ ያዘችኝ። አሁን ባዮፕሲ (ቁራጭ ሥጋ) ተወስዶ የሆርሞን ተቀባይና ኸር-2 የሚባል ምርመራ ይሠራል አሉን። እሱስ በደም አይደለም? ደግሞ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ ለእነሱ የዘር ምርመራ በደም አለ ሲባል ሰማሁ።

ሬዚደንት_ነኝ
ቶሎ በመምጣታችሁ መንገዱ ብዙ ነው፣ አይዟችሁ። የሆርሞን ተቀባይና ኸር-2 (ካንሰሩን ሊያሳድጉ የሚችሉ ፕሮቲኖች) የሚታየው በተወሰደው ሥጋ ላይ ነው። ታሞክሲፈን ይጠቅማታል ወይስ አይጠቅማትም የሚለው ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ወረቀቱ እንዳይጠፋ፣ ፎቶ አንሱት። ኬሞ የሚታሰብ ከሆነ ከሲቢሲው ጋር የጉበትና የኩላሊት፣ የሄፓታይተስ ቢም ምርመራ ይሠራ፤ ቫይረሱ ካለና ሳይታወቅ ኬሞ ከተጀመረ ሊቀሰቀስ ይችላል። ቀዩን ኬሞ (ልብን ሊጎዳ የሚችለውን ዶክሶሩቢሲን) ካዘዙ የልብ አልትራሳውንድም አለ።

የዘሩ ምርመራ ቢአርሲኤ-1 እና ቢአርሲኤ-2 ነው። ጂኖቹ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ነው ተለይተው የታወቁት። በደም ወይም በምራቅ ይሠራል፤ ካንሰር መኖሩን አያሳይም፣ ከወላጅ የወረደ ተጋላጭነት መኖሩን ነው የሚያሳየው። በዘር የሚወርደው የጡት ካንሰር ከ100 ከ5 እስከ 10 ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚመረመረውም ታማሚዋ ራሷ ብትሆን ይመረጣል፤ እሷ ላይ ካልተገኘ የልጆቹ በአብዛኛው ጥያቄ አይሆንም። በአባት በኩልም ስለሚወርድ የሁለቱንም ወገን ዘመድ ቁጠሩ፤ ጡትና የእንቁላል እጢ ካንሰር ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቷ። እሱን ጽፋችሁ ለሐኪሟ ስጡ። ልጆቹ እስከዚያው ጡታቸው ላይ ለውጥ ካዩ አይደብቁ፣ ሌላ ምንም አይግዙ።

አርበኛው_ዘፒያሳ
እግዚአብሔር ይማራት። እኔ የያዝኩትን አልለቅም፣ ሐኪም ሁሉ ቅዱስ አይደለም። ግን ያ ክሊኒክ የወሰደውን ገንዘብ ሊመልስ ይገባል። ለባዮፕሲው የጎደለ ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ሚኒሶታ_ጎንደሬ
949 ዶላሩን ለሕክምናዋ አዙሬዋለሁ። የማንን አካውንት ልጠቀም? የጤና መድህን አላት ወይ?

የአዘዞዋ_ልጅ
የማኅበረሰብ ጤና መድህን አላት፣ ግን ዘንድሮ አልታደሰም፤ ቆላ ድባ ቀበሌ ሄጄ እጠይቃለሁ። አካውንቱን ለብቻህ እልክልሃለሁ። እትዬ፣ የባዮፕሲው ቀጠሮ ሰኞ ነው። እናቴ ሱቁን ዘግታ መምጣት አትችልም፣ እኔም ፈተና አለብኝ።

እትዬ_ቁስቋም
እኔ አለሁ አልኩሽ እኮ። ሰኞ ከጧቱ በ1 ሰዓት ተኩል ካርድ ክፍሉ በር ላይ እጠብቃታለሁ። ቁርስ በልታ ትምጣ፣ የሪፈር ወረቀቱንና የአልትራሳውንዱን ውጤት ይዛ። ሰፋ ያለ ቀሚስ ትልበስ፣ ከፊት የሚከፈት። ስልኳን ላኪልኝ፣ እሑድ ማታ እደውልላታለሁ።